«ቲቸር፣ ፎቶ ብቻ ነው የሚለኝ»፦ ለሁሉም ተማሪ የሚደርስ ትምህርት እንዴት እናዘጋጅ?

ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የሰሌዳውን ኖት በስልኬ ፎቶ አንስቼ የክፍሉ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት። ሁሌም እንደዚያ ነበር የማደርገው። በማግሥቱ አንዲት ዓይነ ስውር ተማሪዬ በር ላይ ጠበቀችኝ። ስልኳን ወደ ጆሮዬ አስጠግታ መልእክቴን በጣቷ ነካችው። ስልኩ «ፎቶ» አለ። ቀጥሎ የላክሁበትን ሰዓት ተናገረ። ከዚያ ዝም አለ።

«ቲቸር፣ ፎቶ ብቻ ነው የሚለኝ» አለችኝ።

ለሌሎቹ ሙሉ ገጽ ኖት ደርሷቸዋል። ለእሷ የደረሳት አንድ ቃል ነው።

ያን ቀን ማታ ቁጭ ብዬ ያንኑ ኖት በጽሑፍ ጻፍኩትና ላክሁት። ጠዋት ሌሎች ተማሪዎችም መጥተው አመሰገኑኝ። ለካ ፎቶው ለብዙዎቹ ደብዝዞባቸው ነበር። ዳታ ስለሚበላም ጭራሽ ያላወረዱት ነበሩ። ለአንዲት ተማሪ ብዬ የሠራሁት ሥራ ለሁሉም ሆነ።

ዩኒቨርሳል ዲዛይን የሚባለው ሐሳብ ይኸው ነው። ነገሩን ከመነሻው ለሁሉም እንዲሆን አድርጎ መሥራት። ቃሉን ያወጣው ሮናልድ ሜስ የተባለ አሜሪካዊ አርክቴክት ነው። በ9 ዓመቱ ፖሊዮ ይዞት ከዚያ በኋላ በዊልቸር ነው የሄደው። ዩኒቨርሲቲ ሲማር ክፍል ለመግባት ሰው ተሸክሞት ደረጃ መውጣትና መውረድ ነበረበት። በጓደኛ ጀርባ ታዝሎ ሁለተኛ ፎቅ የሚወጣ ተማሪ ያየ የአገራችን መምህር ይሄ ታሪክ ሩቅ አይሆንበትም። በአውሮፓውያኑ 1997 እሱና ባልደረቦቹ 7 የዩኒቨርሳል ዲዛይን መርሆችን አወጡ። ሐሳቡን ከሕንፃ ወደ ትምህርት ያመጣው ደግሞ በአውሮፓውያኑ 1984 ማሳቹሴትስ ውስጥ የተቋቋመው ካስት የተባለ ድርጅት ነው። ለመምህር ሲጠቀለል ሦስት ጥያቄ ይሆናል። ተማሪው ትምህርቱን በምን በምን መንገድ ይቀበላል? ያወቀውን በምን መንገድ ያሳያል? ልቡን ትምህርቱ ላይ የሚያቆየው ምንድን ነው?

የሚከተሉትን ደረጃዎች ስጽፍ ላፕቶፕና ስማርት ስልክ ያለው፣ ክፍሉ የተጨናነቀ፣ በጀት የሌለው መምህር ነው በዓይኔ የመጣው።

ደረጃ 1፦ ተማሪውን ራሱን ጠይቁት

በሴሚስተሩ መጀመሪያ ሳምንት፣ ሌላ ሰው በሌለበት፣ «ትምህርቱን ለመከታተል ምን ይመችሃል? ከዚህ በፊት ምን ሠርቶልሃል?» በሉ። ሕመሙን ወይም መንስኤውን አትጠይቁ። ያ የእናንተ ጉዳይ አይደለም።

ይሄን የምለው ግምት ስለሚያሳስት ነው። ሁለት ዓይነ ስውር ተማሪዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ ብሬል አቀላጥፎ ያነባል። ሌላው ዓይኑን ያጣው በቅርቡ ስለሆነ ብሬል አያውቅም፤ በድምፅ ብቻ ነው የሚማረው። አልቢኒዝም ያለባት ልጅ ከፊት መቀመጥ ትፈልግ ይሆናል፤ ፊት ያለው ወንበር መስኮት ሥር ከሆነ ግን ብርሃኑ ዓይኗን ይወጋታል።

ለመላው ክፍልም በወረቀት ጠይቁ። «ሰሌዳው በደንብ ይታይሃል? ድምፄ ይሰማሃል? ስልክ አለህ?» ብዙ ተማሪ ዓይኑ መድከሙን እንኳ ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

ደረጃ 2፦ ክፍሉን ቀይሩ

ይሄ ቴክኖሎጂ አይፈልግም። በዊልቸር ወይም በክራንች የሚሄድ ተማሪ ካለ የክፍሉን ሙሉ ፕሮግራም ወደ ምድር ቤት አውርዱት። ኮምፒውተር ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ከሆነ ለዚያ ክፍለ ጊዜ ላፕቶፖቹ ይውረዱ። ዳይሬክተሩ ካመነታ የሕንፃ አዋጁ ሕዝብ የሚጠቀምባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ እንደሚያዝ አስታውሱት። ኢትዮጵያ በአውሮፓውያኑ 2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 24 ስለ አካቶ ትምህርት ነው የሚናገረው። ተማሪው የሚጠይቀው ውለታ አይደለም።

ደረጃ 3፦ ጽሑፋችሁ በእውነት ጽሑፍ ይሁን

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ትልቁ ለውጥ ያለው እዚህ ነውና።

ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ስልክና ኮምፒውተር የሚጠቀሙት በስክሪን ሪደር ነው። ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ማለት ነው። አንድሮይድ ስልክ ላይ ቶክባክ ይባላል። ኮምፒውተር ላይ ብዙዎች የለመዱት ጆውስን ነው፤ እሱ ግን በገንዘብ ነው። ኤንቪዲኤ የሚባለው በነፃ ነው። በአውሮፓውያኑ 2006 ሥራውን የጀመሩት ሁለት አውስትራሊያውያን ራሳቸው ዓይነ ስውራን ናቸው። አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ የተባለው ድምፅ አማርኛ ያነባል። ድምፁ የብረት ድምፅ ነው፤ ጆሮ ግን ቶሎ ይለምደዋል።

ስክሪን ሪደር የሚያነበው ፊደል እንጂ ምስል አይደለም። ስለዚህ የሚከተሉትን አስተካክሉ።

ፎቶ የተነሳ ወይም ስካን የተደረገ ገጽ አትላኩ። አንድ ፒዲኤፍ ጽሑፍ መሆኑን ለማወቅ አንድ ዓረፍተ ነገር በማውዝ ምረጡና ኮፒ አድርጉ። አልመረጥ ካለ ምስል ነው። እንዲህ ያለውን ጉግል ድራይቭ ላይ ጭናችሁ በጉግል ዶክስ ክፈቱት፤ ወደ ጽሑፍ ይቀይረዋል። ነገር ግን ፊደሎቻችን በትንሽ ጭረት ስለሚለያዩ ይሳሳታል። ሳታርሙ አትላኩት።

ፎንቱን ፈትሹ። ብዙ የድሮ ኖቶችና የፈተና ወረቀቶች የተጻፉት ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል አቀማመጥ) ከመለመዱ በፊት በነበሩ የግእዝ ፎንቶች ነው። ለዓይን አማርኛ ናቸው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ግን የተቀመጡት የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ናቸው። ስክሪን ሪደሩ ሲያነባቸው ትርጉም የሌለው ጫጫታ ነው የሚወጣው። መለያው ቀላል ነው። ጽሑፉን ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ለጥፉት። አማርኛ ሆኖ ከወጣ ደህና ነው። የተዘበራረቀ ላቲን ከሆነ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ወይም እንደገና መጻፍ አለበት። ለአዲስ ጽሑፍ ኒያላ፣ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ተጠቀሙ።

አራት ነጥቡን በትክክል ጻፉ። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል። ብዙዎቻችን አራት ነጥብ የምንጽፈው ሁለት ነጥብን ሁለቴ በመምታት ነው። ለዓይን ልዩነቱ አይታይም። ለስክሪን ሪደሩ ግን ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም። ትንፋሽ ሳይወስድ ወደ ሚቀጥለው ይገባል፤ አንዳንዴም ምልክቶቹን አንድ በአንድ እየጠራ ያነባቸዋል። በኪቦርዳችሁ ላይ እውነተኛውን አራት ነጥብ ፈልጉት።

አሕጽሮት ቀንሱ። «ት/ቤት» የሚለውን «ት፣ ስላሽ፣ ቤት» ብሎ የሚያነብ ድምፅ አስቡ። «መ/ር»፣ «ወ/ሮ»፣ «ክ/ከተማ» ሁሉም እንደዚያው ናቸው። ሙሉውን ጻፉት።

ርእሶችን በርእስነታቸው አስቀምጡ። ዎርድ ላይ ርእስ ለማድረግ ፊደል ማወፈርና ማተለቅ አይበቃም። መስመሩ ላይ ሆናችሁ ኮንትሮል፣ አልት እና 1 ተጫኑ። ለንዑስ ርእስ 2። እንዲህ ከተሠራ ኤንቪዲኤ የሚጠቀም ተማሪ ኢንሰርት እና ኤፍ 7 ሲጫን የርእሶቹ ዝርዝር ይመጣለታል። የሚፈልገው ላይ ይዘልላል። ካልተሠራ 20 ገጹን ከላይ እስከ ታች መስማት አለበት። እናንተ መጽሐፍ ገልጣችሁ ምዕራፍ የምትፈልጉትን ያህል እሱም መብት አለው።

ምስል ካለ በምስሉ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ ኦልት ቴክስት የሚለውን ምረጡና ምስሉ የሚለውን ጻፉ። «ግራፍ» ብሎ መጻፍ ምንም አይጠቅምም። «ከጥር እስከ ግንቦት ዝናቡ ትንሽ ነው፤ በሐምሌና ነሐሴ ከፍተኛው ይደርሳል» ይጠቅማል።

ደረጃ 4፦ ራሳችሁ ስሙት

ኤንቪዲኤን ጫኑ። ኮንትሮል፣ አልት እና ኤን ሲነካ ይነሳል። በኢንሰርት፣ ኮንትሮል እና ቪ የድምፅ ማስተካከያው ይከፈታል፤ አማርኛን ምረጡ። ከዚያ የነገውን ኖት ክፈቱና ስክሪኑን አጥፉት። ዓይናችሁን አትጨፍኑ፤ ስክሪኑን አጥፉት። ዓይን የተጨፈነ ሲመስለው ይገለጣል።

አሁን ጥያቄ 3ን ፈልጉት።

እኔ መጀመሪያ ስሞክር የራሴን ሃንድአውት ሁለተኛ ገጽ ላይ ጠፋሁ። የት እንዳለሁ አላውቅም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ርእስ ሳላስቀምጥ አልላክሁም።

ሌላም መንገድ አለ። የማይክሮሶፍት ኤጅ ብራውዘር ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብበት አማራጭ አለው። መቅደስ እና አምሀ የሚባሉ ሁለት የአማርኛ ድምፆች አሉት። ከኢስፒክ በጣም የተሻሉ ናቸው፤ ኢንተርኔት ግን ይፈልጋሉ። ይሄን ማንበብ ለሚያዳግታቸው ተማሪዎችም አሳዩአቸው። ትምህርቱ እየገባቸው ፊደል ሲቆጥሩ የሚደክሙ ልጆች በየክፍሉ አሉ። እየሰሙ በዓይናቸው ሲከተሉ ብዙዎቹ ይፈታሉ።

አንድ ነገር አትርሱ። ጽሕፈታችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ገና» የሚለው በዓሉ ይሁን «ገና አልመጣም» የሚለው፣ ማሽኑ አይለይም። ዐውዱ ግልጽ ካልሆነ ተማሪው ይሳሳታል። በተለይ ፈተና ላይ እንዲህ ያለ ቃል ብቻውን አታቁሙ።

በድምፅ መማርም ብሬልን አይተካም። ሰምቶ ብቻ የሚማር ልጅ ቃሉ እንዴት እንደሚጻፍ በእጁ አላየውም። ብሬል የሚማርበት ዕድል ካለ አትዝጉበት።

ደረጃ 5፦ «ይሄ» እና «እዚህ» የሚሉትን ቃላት ተዉ

ሰሌዳ ላይ ጠቁመን «ይሄኛው ሲጨምር ያኛው ይቀንሳል» እንላለን። ላላየው ተማሪ ይሄ ዓረፍተ ነገር ባዶ ነው። «የሕዝብ ቁጥር ሲጨምር የነፍስ ወከፍ የእርሻ መሬት ይቀንሳል» በሉ። የምትጽፉትን እየጻፋችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ኋላ ወንበር ላይ ያለውም፣ ኖት ሲገለብጥ ያመለጠውም ይሰማል። ቋንቋችሁም ይጠራል፤ ዕቃውን በስሙ መጥራት ትገደዳላችሁና።

ደረጃ 6፦ ምስሉን ለጣት ሥሩት

ዓባይን ሳስተምር ካርቶን ወሰድኩ። የአገሪቱን ድንበር በሲባጎ ዞርኩት፤ በኮላ አጣበቅኩት። ጣና ላይ ትልቅ የኮት ቁልፍ አደረግሁ። ዓባይን በወፍራም የሱፍ ክር ሠራሁት። አዲስ አበባ ላይ አንድ የሽምብራ ፍሬ።

ተማሪዬ ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳረፈች። ክሩን ያዘች። ወደ ደቡብ ምሥራቅ ወረደች፣ ታጠፈች፣ ወደ ምዕራብ ሄደች፣ ድንበሩን የሠራው ሲባጎ ላይ ደረሰች። እጇን አላነሳችም። መልሳ ወደ ቁልፉ ሄደችና እንደገና ጀመረች።

«ቲቸር፣ ጎጃምን ዞሮት ነው እንዴ የሚሄደው?»

አዎ፣ ዞሮት ነው። ይሄን መስመር ለዓመታት ሰሌዳ ላይ ሥያለሁ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ተማሪ ግን አልነበረም። ከዚያ በኋላ ካርቶኑ ክፍሉን ዞረ፤ የሚያዩትም ዓይናቸውን ጨፍነው ሞከሩት።

ስትሠሩ አንድ ካርታ ላይ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ። ወንዝ ለብቻ፣ ከፍታ ለብቻ። ጣት እንደ ዓይን በአንድ ጊዜ ሁሉን አይጠቀልልም፤ ከተጨናነቀ ይጠፋል። ክሮቹ ውፍረታቸው ይለያይ። ካርታውን ከክፍለ ጊዜው አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ስጡ። ለሒሳብ ግራፍም እንዲሁ ነው፤ ስቴኪኒ ለዘንጎቹ፣ ክር ለመስመሩ።

ደረጃ 7፦ መስማት ለተሳናቸው ተማሪዎች ዝምታ ስጡ

መስማት የተሳነው ተማሪ የሚሰማው በዓይኑ ነው። አስተርጓሚውን እያየ ኖት ሊጽፍ አይችልም። ስለዚህ ሲጻፍ አትናገሩ፤ ስትናገሩ አታስጽፉ። አስተርጓሚው ብርሃን ያለበት ቦታ ይቁም፤ ከጀርባው መስኮት አይሁን። ጥያቄ ስትጠይቁ ተማሪውን እዩት እንጂ አስተርጓሚውን «ምን አለ?» አትበሉ። ወደ ሰሌዳ ዞራችሁ አትናገሩ፤ በከፊል የሚሰሙ ተማሪዎች ከንፈራችሁን ይከተላሉ።

የቴክኖሎጂ እርዳታም አለ። ላይቭ ትራንስክራይብ የሚባለው የጉግል መተግበሪያ የምትናገሩትን ወዲያው ወደ ጽሑፍ ይለውጣል፤ አማርኛም ይሞክራል። ስልኩ እናንተ አጠገብ መሆን አለበት፤ ጫጫታ ያሳስተዋል፤ ኢንተርኔትም ይፈልጋል። ለሁለት ሰው ጭውውት ደህና ነው። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ አስተርጓሚን ግን አይተካም፤ አስተርጓሚ ላለመቅጠር ሰበብ እንዲሆንም አትፍቀዱ። ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ ነው። ለብዙዎቹ ልጆች የጽሑፍ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው። ኖታችሁ አጭርና ግልጽ ይሁን፤ አዲስ ቃል ሲመጣ ከሥዕል ጋር ይምጣ።

ቪዲዮ ስትልኩ በጽሑፍ ምን እንደሚል አብራችሁ ላኩ። አንድ ገጽ ይበቃል።

ደረጃ 8፦ ፈተናውን እንደገና እዩት

ፈተና የሚለካው ዕውቀትን መሆን አለበት። እስቲ የተለመዱትን ጥያቄዎች እንያቸው። «አዛምዱ» የሚለው፣ በ«ሀ» እና በ«ለ» ረድፍ የሚቀመጠው፣ በስክሪን ሪደር ስቃይ ነው፤ ስፔስ ብቻ እየመታን ካሰለፍነው ሁለቱ ረድፎች ተደባልቀው ይነበባሉ። በሰንጠረዥ ሥሩት፤ አለበለዚያ ወደ ምርጫ ለውጡት። ክፍት ቦታን በረጅም መስመር አታሳዩ፤ «ክፍት ቦታ» ብላችሁ ጻፉ። «ከተሰመረበት ቃል ጋር ተመሳሳይ የሆነው» የሚለው ጥያቄ ላይ መስመሩ አይነበብም፤ ቃሉን በትእምርተ ጥቅስ አስገቡት።

አንባቢ የምትመድቡ ከሆነ አንባቢው ትምህርቱን የሚያውቅ ይሁን። ፎርሙላ ማንበብ የማይችል አንባቢ የተማሪውን ውጤት ይዞት ይወርዳል። ከፈተናው ቀን በፊትም አንዴ አብረው ይለማመዱ። ጊዜ ጨምሩ፤ ስንት እንደሚጨመር ለሁሉም አስቀድሞ የታወቀ ይሁን።

መልስ የሚሰጥበትም መንገድ ይስፋ። የእርሻ ዓይነቶችን ማወቁን ለማየት ግዴታ ድርሰት አያስፈልግም። አንዱ ይጻፍ፤ ሌላው የድምፅ መልእክት ይላክ፤ ሌላው በምልክት ቋንቋ ቪዲዮ ይቅረጽ። የማርክ አሰጣጡ ግን ለሁሉም አንድ ይሁን። እጁ ለሚያስቸግረው ተማሪ የስልኩ ኪቦርድ ላይ ያለውን ማይክ አሳዩት፤ የጉግል ኪቦርድ የሆነው ጂቦርድ ከአውሮፓውያኑ 2017 ጀምሮ በአማርኛ ሲነገረው ይጽፋል።

ኪቦርድ መለማመድን አታዘግዩ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒውተርም መሰጠት ጀምሯል። በፈተናው ቀን መልመድ አይቻልም።

ደረጃ 9፦ ለሚቀጥለው መምህር ግማሽ ገጽ ጻፉ

በየዓመቱ ተማሪው ከዜሮ እንዲጀምር አታድርጉ። ሰኔ ላይ አብራችሁት ተቀመጡ፤ ምን እንደሠራ፣ ምን እንዳልሠራ ጻፉ። ፈቃዱን ጠይቁ፤ የማይፈልገውን አውጡ። የበሽታ ታሪክ አይግባበት። እኔና ተማሪዬ አብረን የጻፍነው እንዲህ ይል ነበር፦

«ኖት ከክፍለ ጊዜው በፊት ባለው ማታ በቴሌግራም ይላክልኝ። ዎርድ ይሁን፤ ፎቶ አይሁን። ካርታ ካለ ቀደም ብዬ በጣቴ ልየው። የክሩ ካርታዎች የመርጃ ማዕከሉ ቁም ሳጥን ውስጥ አሉ፤ ጥቁሩ ካርቶን የዓባይ ነው። ፈተና በላፕቶፕ እሠራለሁ፤ የጆሮ ማዳመጫ የራሴ አለኝ። ስታናግሩኝ ስሜን ጥሩ፤ ክፍሉ ሲንጫጫ ለማን እንደምትናገሩ አላውቅም። ቡድን ሥራ ላይ ጸሐፊ መሆን አትችልም ብላችሁ አትወስኑ፤ ከብዙዎቹ በላይ በፍጥነት እጽፋለሁ።»